የጨረቃን ተራራ በጥላው መለካት፦ የተለካውና የተገመተው

በመካነ ሰላም ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለከተማው ነዋሪዎች የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል

ከመጀመሬ በፊት አንድ ማሳሰቢያ ላስቀድም፤ የማነሣቸው ዓመታት፣ በእኛ አቆጣጠር መሆናቸውን ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመካነ ሰላም ተነሥቶ ማለዳ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል የወረደ ሰው የዛሬውን ርእስ ግማሹን በዓይኑ አይቶታል። ደጋው ላይ ፀሐይ ወጥታ ማሳው ሲደምቅ በረሃው ገና ሌሊት ነው። ከማዶ፣ በጎጃም በኩል፣ የአምባው ጫፍ ብርሃን ለብሶ ሳለ ወገቡና እግሩ ጨለማ ውስጥ ይቆያሉ። ከዚያ በኋላ የጥላው ጠርዝ የገደሉን ፊት እየገለጠ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይወርዳል። ቆም ብሎ ለሚያስብ ሰው፣ ያ የሚወርድ ጠርዝ መለኪያ ነው፤ ፀሐይ በየትኛው ሰዓት በምን ያህል ከፍታ ላይ እንደምትሆን ካወቅን፣ ጥላው የደረሰበት ቦታ ስለ ጣለው ተራራ ቁመት ይነግረናል።

ጋሊሊዮ በ1609 መገባደጃ ላይ በሠራው መነጽር ጨረቃን ሲመለከት ያየው ይህንኑ ነበር። ብርሃኑ ከሚያልቅበት ድንበር ወዲያ፣ በጨለማው መካከል፣ ተነጥለው የሚያበሩ ነጠብጣቦች አየ። ሰዓታት ሲያልፉ ነጠብጣቦቹ እየሰፉ ሄደው ከብሩሁ ክፍል ጋር ተቀላቀሉ። በ1610 «የከዋክብት መልእክተኛ» በሚል ርእስ ባሳተመው መጽሐፍ እነዚህ የተራራ ጫፎች መሆናቸውን አስረዳ፤ የምድር ተራሮችም በንጋት አስቀድሞ ጫፋቸው እንደሚበራ ምሳሌ አድርጎ አቀረበ። ከዚያም ለካ። ከብርሃኑ ድንበር እስከ አንዱ ነጠብጣብ ያለው ርቀት የጨረቃን ዲያሜትር አንድ ሃያኛ ያህል ሆኖ አገኘው። ዲያሜትሩን 2,000 የጣሊያን ማይል ብሎ ስለ ወሰደ፣ ርቀቱ 100 ማይል ይሆናል። ሁለቱ አጫጭር ጎኖቹ 1,000 እና 100 የሆኑ ባለ ቀጥተኛ ማዕዘን ጎነ ሦስት ብትሥሉ፣ ረጅሙ ጎን 1,005 ለመሙላት ጥቂት ብቻ ይቀረዋል። ከ1,000 ማይሉ ራዲየስ ተርፎ የወጣው የተራራው ቁመት ነው፤ እርሱም በጥንቃቄ ከአራት ማይል ይበልጣል ብሎ ደመደመ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በፓይታጎራስ ሕግ የሚሠራው ሒሳብ ነው። ተራራውን አልወጣውም፣ ገመድም አልጣለበትም፤ ብርሃን የት እንደ ቆመ ብቻ አየ።

የጥላ ስሌት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቆየው የቤተ ክህነት ልማድ ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ የራሱን ጥላ በገዛ ጫማው እየሰፈረ ሰዓቱን ያውቅ ነበር። የጫማው ቁጥር ከወር ወር እንደሚለያይ የሚያሳዩ ሠንጠረዦች በግእዝ ጽሑፎች ውስጥ ይገኛሉ፤ ኦቶ ኖይገባወር በ1979 ስለ ኢትዮጵያ ሥነ ፈለክና ባሕረ ሐሳብ ባሳተመው መጽሐፍ አጥንቷቸዋል። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ የልማዱ ብልሃት ነው። ረጅም ሰው ረጅም ጥላ አለው፤ ነገር ግን ጫማውም ረጅም ስለሆነ ቁጥሩ ከአጭሩ ሰው ቁጥር ብዙም አይለይም። መስፈሪያው ከሚለካው አካል ጋር አብሮ ያድጋል። በዚያ ልማድ የታወቀው የሰውየው ቁመት ነው፣ የሚፈለገው የፀሐይዋ ከፍታ። እኛ ዛሬ የምናደርገው ግልባጩን ነው፤ የፀሐይዋ ከፍታ ይታወቃል፣ የተራራው ቁመት ይፈለጋል።

አንድ ምሳሌ በቁጥር እንሥራ። በጨረቃ ላይ አንድ ተራራ 20 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ጥላ ጥሏል እንበል፤ በተራራው ሥር ፀሐይ ከአድማስ በ10 ዲግሪ ከፍ ብላለች። የ10 ዲግሪ ታንጀንት 0.176 ስለሆነ ቁመቱ 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሥራው ግን አላለቀም። የጨረቃ ራዲየስ 1,737 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ስለዚህ በ20 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ መሬቷ ከቀጥታው መስመር ወደ 115 ሜትር ታጎነብሳለች። ይህን ስንቀንስ ቁመቱ ወደ 3.4 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። በምድር ላይ ለዚሁ ርቀት የሚቀነሰው 31 ሜትር ብቻ በሆነ ነበር። ሌላም አለ። ፀሐይ ነጥብ አይደለችም፤ ከጨረቃ ሲያዩአት ግማሽ ዲግሪ ያህል ስፋት አላት። ስለዚህ የጥላው ጫፍ እንደ ቢላዋ ስለት የተቆረጠ አይሆንም፤ በምሳሌያችን አንድ ኪሎ ሜትር የሚያህል ግማሽ ጥላ አለው። ጫፉን ከዚህ ግማሽ ጥላ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ በማንበብ ብቻ በቁመቱ ላይ ወደ 190 ሜትር የሚደርስ ልዩነት ይመጣል። ይህን የምነግራችሁ ልትፈሩ አይደለም። የጥላ ዘዴ ትልቁ ክብር ስሕተቱ ራሱ የሚሰላ መሆኑ ነው። ምን ያህል ልንሳሳት እንደምንችል ቁጥር እንሰጠዋለን።

ከጋሊሊዮ በኋላ ሽሮተር በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ቤርና ሜድለር ደግሞ በ1830ዎቹ፣ በዚህ መንገድ እጅግ ብዙ የጨረቃ ተራሮችን ለኩ። የሚገርመው ግን፣ ቁመቱ በትክክል እየታወቀ ሳለ መልኩ ተሳሳተ። በብርሃኑ ድንበር አጠገብ ፀሐይ ዝቅ ስለምትል ለስላሳ ኮረብታ እንኳ ረጅምና ሹል ጥላ ይጥላል። የሰው ዓይንም ሹል ጥላ ሲያይ ሹል ተራራ ያስባል። ስለዚህ በሃያኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የጨረቃን ምድር የሣሉ ሠዓሊዎች ተራሮቿን እንደ ጦር ጫፍ አድርገው ሣሏቸው። የአፖሎ ተጓዦች ሲደርሱ ያገኙት ዙሪያቸው የተሸረሸረ፣ ትከሻቸው የሰፋ ተራሮችን ነው፤ ከላሊበላ ወይም ከስሜን አምባዎች ይልቅ የደጋውን ጉብታዎች የሚመስሉ። ጥላው አልዋሸም። የጥላው ርዝመት የነገረው ቁመትን ነበር፤ ተዳፋቱን የጨመርነው እኛ ነን።

እዚህ ላይ የሁለቱን ቃላት ልዩነት ላስቀምጥ። ጥላ ስል አንድ አካል ብርሃኑን ከልሎ ሌላ ቦታ ላይ የጣለውን ጨለማ ማለቴ ነው። የድምቀት ደረጃ ስል ደግሞ ብርሃን እያገኘ ሳለ፣ ወደ ፀሐይ ባለው ዘንበል ምክንያት፣ ይበልጥ ወይም ያነሰ የሚደምቀውን ገጽ ማለቴ ነው። ወደ ፀሐይ ያዘነበለ ተዳፋት ይደምቃል፣ ከፀሐይ የሸሸ ይደበዝዛል። ጥላ ቁመትን በጥቂት ቦታ ይሰጣል፤ ድምቀት ግን በእያንዳንዱ የፎቶግራፍ ነጥብ ላይ ስለ ተዳፋት አንድ ነገር ይናገራል። ታዲያ ከነጥብ ወደ ነጥብ ተዳፋቱን እየደመርን ብንሄድ ሙሉውን መሬት ከአንድ ፎቶግራፍ ማውጣት አንችልምን? ቫን ዲገለን የተባለ የኔዘርላንድ ሳይንቲስት በ1951 በጨረቃ ሜዳዎች ላይ ላሉ ዝቅተኛ ኮረብታዎች ይህንኑ ሠራ። ሪንድፍላይሽ በ1966 ዘዴውን ለጠፈር መንኮራኩር ፎቶግራፎች አዘጋጀው፤ በርትሆልድ ሆርን ደግሞ በ1970 በኤምአይቲ በጻፈው የዶክትሬት ጥናት ጥያቄውን ለኮምፒውተር እይታ ሁሉ አጠቃላይ አደረገው። ያ ዘመን አፖሎ የሚያርፍበት ቦታ የሚመረጥበት ዘመን ነበር። በ1966 እና በ1967 የተላኩት አምስቱ የሉናር ኦርቢተር መንኮራኩሮች ፎቶግራፎች ሲመጡ፣ እግሮቿን ዘርግታ የምታርፍ መርከብ በምን ያህል ዘንበል ላይ እንደምትቆም ማወቅ የሕይወት ጉዳይ ነበር። አፖሎ 15 በ1971 በትንሽ ጉድጓድ ጠርዝ ላይ አርፋ ወደ 11 ዲግሪ አዘንብላ ቆማለች።

አሁን ወደ ራሴ ስሕተት ልምጣ። ይህን ዘዴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሞክር አንድ የጨረቃ ጉድጓድ ፎቶግራፍ ወስጄ ፕሮግራሜን አስኬድሁ። ውጤቱ ውብ ነበር፤ በባለ ሦስት ገጽታ ሥዕል፣ በቀለም አሸብርቆ፣ በኩራት ለተማሪዎች አሳየሁ። አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ከኋላ እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ ይቅርታ፣ ጥላው ግን የት ነው የወደቀው?» አለኝ። ዝም አልሁ። ጥላው የወደቀው በክቡ ውስጥ ነበር፤ ሥዕሌ ላይ ግን ክቡ ጉድጓድ ሳይሆን ጉብታ ሆኖ ተነሥቷል። ጉብታ ጥላውን ወደ ውጭ ይጥላል እንጂ ወደ ራሱ ሆድ አይጥልም። ምክንያቱ ቀላል ነበር፤ ፎቶግራፉ ደቡብን ወደ ላይ አድርጎ የተቀመጠ ስለነበረ፣ የብርሃኑን አቅጣጫ ገልብጬ አስገብቻለሁ። ስሌቱ አልተቃወመኝም። ለሒሳቡ በምሥራቅ በኩል የበራ ጉድጓድና በምዕራብ በኩል የበራ ጉብታ አንድ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ስናወራ ተማሪው እንዴት እንደ ነቃበት ነገረኝ። የእርሱ አገር ከዓባይ በረሃ አፋፍ ነው። በስልኩ የሳተላይት ምስል ሲያይ የገዛ አገሩ ገደል ሁልጊዜ እንደ ተራራ ጀርባ ሆኖ ይታየው ነበር፤ ወንዙም ሸንተረር ላይ የሚፈስ ይመስላል። እርሱ አገሩን ስለሚያውቅ አልተታለለም። እኔ ግን ጉዳዩን ተከታተልሁት፣ ምክንያቱም ደስ የሚል ሒሳብ አለበት። እኛ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ በማይሞላ ርቀት ላይ ነን። ምድርን ፎቶ የሚያነሡ ብዙ ሳተላይቶች የሚያልፉት ከጠዋቱ አራት ሰዓት አካባቢ ነው። በሰኔ ፀሐይ ከእኛ በስተሰሜን ስለምትሆን በዚያ ሰዓት ብርሃኑ ከሰሜን ምሥራቅ፣ ማለትም ከካርታው የላይኛው በኩል ይመጣል፤ ዓይናችንም ብርሃን ከላይ እንደሚመጣ ስለሚጠብቅ ገደሉ ገደል ሆኖ ይታያል። በታኅሣሥ ግን ብርሃኑ ከደቡብ ምሥራቅ፣ ከካርታው ግርጌ በኩል ነው፤ ገደሉም ይገለበጣል። የክረምቱ ሰማይ ደመና ስለሚለብስ ጥርት ያለውን ምስል የምናገኘው ባብዛኛው በበጋ ነው። ስለዚህ የዓባይና የበሽሎ ሸለቆዎች በጠራ ምስል ላይ ለብዙ ሰው ተገልብጠው የሚታዩት በአጋጣሚ አይደለም። ምስሉን አዙራችሁ ደቡብን ወደ ላይ ብታደርጉት ወዲያው ይስተካከላል። ዛሬ ማታ በስልካችሁ ሞክሩት።

ጉድጓዱንና ጉብታውን መለየት የችግሩ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ እዚህ ላይ ይጀምራል። በማንኛውም ነጥብ ላይ ያለ ተዳፋት በሁለት ቁጥሮች ይገለጻል፤ ወደ ምሥራቅ ምን ያህል ያዘነብላል፣ ወደ ሰሜንስ ምን ያህል። ፎቶግራፉ ግን በዚያ ነጥብ ላይ የሚሰጠን አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ድምቀቱን። አንድ እኩልታ፣ ሁለት ያልታወቁ። በተለይ ከብርሃኑ አቅጣጫ ጋር ጎን ለጎን የተኛ ሸንተረር ግራና ቀኙ እኩል ስለሚበራ ከነጭራሹ ይጠፋል። ሦስተኛ ያልታወቀም አለ፤ መሬቱ ራሱ በተፈጥሮው ጥቁር ነው ወይስ ነጭ? ታይኮ የተባለውን የ85 ኪሎ ሜትር ጉድጓድ ሙሉ ጨረቃ ላይ ተመልከቱ፤ በዙሪያው ነጫጭ ጨረሮች ተዘርግተዋል። ጨረሮቹ ከጉድጓዱ ተፈንጥሮ የወጣ ብሩህ ቁስ ናቸው እንጂ ተራራም ሸለቆም አይደሉም። ድምቀትን ሁሉ ተዳፋት ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም ግን ከእያንዳንዱ ጨረር አንድ ሸንተረር ይሠራላችኋል፤ ማስጠንቀቂያም አይሰጥም።

በዚህ ላይ የጨረቃ አፈር እንደ ተቀባ የኖራ ግድግዳ አይደለም። ኖራ የተቀባ ኳስ ፊት ለፊት ብታበሩበት መካከሉ ደምቆ ጠርዙ ይደበዝዛል። ሙሉ ጨረቃ ግን እስከ ጠርዟ ድረስ እኩል ደምቃ እንደ ሰፌድ ጠፍጣፋ ትታያለች። ምክንያቱን ገበሬ ያውቀዋል። አዲስ የታረሰ ማሳን ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ብታዩት ይፈካል፤ ዞራችሁ ፀሐይን ፊት ለፊት አድርጋችሁ ብታዩት ያው ማሳ ይጠቁራል። በመጀመሪያው ጊዜ እያንዳንዱ ጓል የገዛ ጥላውን ከኋላው ይደብቃል፤ በሁለተኛው የምታዩት ጥላውን ነው። የጨረቃ አቧራም በየቅንጣቱ እንዲህ ያደርጋል። ብሩስ ሃፕኬ በ1963 ይህን ጠባይ በቀመር ገለጠው፤ ዛሬም የጨረቃን ድምቀት ወደ ተዳፋት የሚተረጉም ሰው ከእርሱ ወይም ከእርሱ ከሚቀራረብ ሕግ መነሣት አለበት። ለጨረቃ ምርምር ሙሉ ጨረቃ መጥፎ ምሽት የሆነችውም ስለዚህ ነው። ወጣ ገባዋን ማየት የሚሻ ሰው ግማሽ ስትሆን ይያት። ደግሞ ልብ በሉ፤ በእኛ አገር የማታ ለጋ ጨረቃ ጀርባዋ ላይ እንደ ተኛች ጀልባ ሆና ትወጣለች፤ ሂላልን የሚጠባበቁ አባቶች ይህን በደንብ ያውቁታል። የአውሮፓ መጻሕፍት ሥዕል ግን አቁሞ ይሥላታል። ሥዕሉን ሳታዞሩ ቴሌስኮፑን ከተመለከታችሁ፣ እኔ የሠራሁትን ስሕተት ትደግማላችሁ።

የመጨረሻው ችግር ክምችት ነው። ተዳፋትን ከነጥብ ወደ ነጥብ ስንደምር ስሕተቱም አብሮ ይደመራል። ያለማቋረጥ በአንድ ዲግሪ ብቻ ብንሳሳት፣ 10 ኪሎ ሜትር ስንሄድ በከፍታው ላይ 175 ሜትር ስተናል። ስለዚህ ከድምቀት የተሠራ መሬት በቅርቡ ሲያዩት ይማርካል፤ ትንሿ ጉድጓድ፣ ትንሹ ድንጋይ ቦታ ቦታውን ይዟል። ከሩቅ ሲያዩት ግን መሬቱ በሙሉ እንደ ተጣመመ ምንጣፍ አንዱ ጥግ ተነሥቶ ይገኛል።

መፍትሔው ምን ሆነ? መልሕቅ መጣል። በ2009 ወደ ጨረቃ የተላከችው የናሳ መንኮራኩር ከያዘቻቸው መሣሪያዎች ሁለቱን እንመልከት። አንደኛው በሴኮንድ 28 ጊዜ የሌዘር ብርሃን ልኮ፣ እያንዳንዱን በአምስት ከፍሎ፣ ደርሶ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ በመቁጠር ከፍታን ይለካል። ይህ ግምት አይደለም፤ ልኬት ነው። ነገር ግን መንኮራኩሯ ከዋልታ ወደ ዋልታ ስለምትዞር የልኬት መስመሮቿ ዋልታው ላይ ሲጨናነቁ በጨረቃ ወገብ አካባቢ ይራራቃሉ፤ በመካከል ያልተነካ መሬት ይቀራል። ሁለተኛው መሣሪያ ካሜራ ነው፤ ግማሽ ሜትር ድረስ ለይቶ ያያል፣ ከፍታን ግን አያውቅም። እንግዲህ የዛሬው ብልሃት ሁለቱን ማጋባት ነው። ሌዘሩ መሬቱን በየቦታው ቸንክሮ ይይዛል፤ በችንካሮቹ መካከል ያለውን ዝርዝር ድምቀቱ ይሞላል፤ ፀሐይ ከተለያየ አቅጣጫ ሳለች የተነሡ ብዙ ፎቶግራፎችም የጎደለውን እኩልታ ይጨምራሉ። ኦሌግ አሌክሳንድሮቭና ሮስ ባየር በ2018 ያወጡት ሥራ ይህንኑ የሚያደርግ ነው፤ ፕሮግራሙም ማንም ሊጠቀምበት ለሕዝብ ክፍት ነው። ምስሎቹም እንዲሁ።

ሥራው ዛሬ የሚያስፈልገው ከሁሉ በላይ በደቡብ ዋልታ ነው። የጨረቃ ዘንግ የሚያዘነብለው 1.5 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ፣ በዋልታው ላይ ፀሐይ ከአድማስ ከዚያ በላይ ከፍ አትልም። የአንድ ሜትር ድንጋይ እንኳ 38 ሜትር ጥላ ይጥላል። አንዳንድ ጉድጓዶች ወለላቸው ፀሐይ አይቶ አያውቅም፤ በረዶ የሚፈለገውም እዚያው ነው። በመጋቢት 2025 በደቡብ ዋልታ አቅራቢያ የወረደችው አቴና የተባለች መንኮራኩር ጉድጓድ ውስጥ በጎኗ ወደቀች። የላካት ድርጅት በኋላ ከዘረዘራቸው ምክንያቶች መካከል የከፍታ መለኪያ ሌዘሯ መታወክ አንዱ ሲሆን፣ ዝቅተኛዋ ፀሐይ የጣለችው ረጃጅም ጥላና የብርሃኑ ማነስ ሌላው ነበር። የጋሊሊዮ ረዳት የነበረው ጥላ፣ በዚያ ቦታ ጠላት ሆነ። ጥላ ሲረዝም ቁመትን በደንብ ይለካል፤ የሸፈነውን መሬት ግን ጨርሶ ያሳጣናል። በጥላ ውስጥ ድምቀት የለም፣ ድምቀት በሌለበትም የሚነበብ ተዳፋት የለም።

ፕሮግራሙ ግን ባዶ ቦታ አይወድም። ጥላ ያለበትን ሁሉ ከዳር ከዳሩ እየሳበ በለሰለሰ ገጽ ይሸፍነዋል። ስለዚህ ነው ለዛሬ የመረጥሁት ነገር ይህ የሆነው፤ በአንድ የከፍታ ሥዕል ውስጥ የተለካው የትኛው ነው፣ የተገመተውስ?

ይህ የጨረቃ ጥያቄ ብቻ አይደለም። በየካቲት 1992 በእኛ አቆጣጠር፣ ኢንደቨር የተባለችው መንኮራኩር በአሥራ አንድ ቀናት ውስጥ የምድርን አብዛኛውን ክፍል ከፍታ በራዳር ለክታለች። እኛ በየዕለቱ የምንጠቀምበት የከፍታ መረጃ ባብዛኛው ከዚያ የመጣ ነው። ራዳርም ጥላ አለው። ወደ ጎን እያየ ስለሚሄድ፣ ጥልቅ ገደል ባለበት ከአፋፉ ጀርባ ያለውን አያይም፤ የእኛ ዓይነት አገር ደግሞ ከአፋፍ በቀር ምን አለው? በመጀመሪያው መረጃ ላይ እነዚያ ቦታዎች ባዶ ነበሩ። በኋላ በተዘጋጁት ቅጂዎች ባዶው ተሞላ፤ አንዳንዱ ከሌላ ልኬት፣ አንዳንዱ ከዳር በተሳበ ግምት። የተሞላው ቦታ የት እንደሆነ የሚያሳይ ተጨማሪ ፋይል ከመረጃው ጋር የሚመጣበት ጊዜ አለ። ከፍቶ የሚያየው ግን ጥቂት ሰው ነው። እኔም አላየሁትም ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ አነስተኛ የመስኖ ቦይ መስመር እንድመርጥ ተጠይቄ፣ በኮምፒውተሬ ላይ ቀጥ ያለ፣ ዘንበሉ የተመጣጠነ መንገድ አገኘሁ። ወረቀቱን ይዤ ወደ ቦታው ወረድሁ። አብረውኝ የመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ ካርታዬን ገና ሳያዩ፣ እጄ ያመለከተበትን አቅጣጫ ብቻ ተመልክተው፣ «እንዴ ልጄ፣ በዚህ በኩልማ ዝንጀሮም አይወርድ!» አሉኝ። ወደ ፊት ሄደን አየን። ካርታዬ ላይ ለስላሳ ተዳፋት የነበረው ቦታ ቀጥ ያለ ገደል ነው። ያ ቁራጭ መሬት በመረጃው ውስጥ ተለክቶ አያውቅም፤ ከላይና ከታች ያሉት ነጥቦች በቀጥታ መስመር ተያይዘው ነበር። እኔ ደግሞ ግምቱን በልኬት ቀለም ቀብቼ አቀረብሁት። አዛውንቱ ባይኖሩ ቦዩ በወረቀት ላይ ይጸድቅ ነበር፤ ገንዘቡም ይመደብለት ነበር።

በዚህ ጉዳይ ላይ አቋሜ ጠንካራ ነው፤ የማይስማማኝ ባልደረባ ካለ በጥያቄው ጊዜ እሰማዋለሁ። በየዓመቱ የማያቸው የምርቃት ጽሑፎች ባማሩ የከፍታ ካርታዎች የተሞሉ ናቸው። አረንጓዴው ቆላ፣ ቡናማው ደጋ፣ ነጩ ውርጭ። አንድም ጊዜ ግን በካርታው ላይ «እዚህ አልተለካም» የሚል ምልክት አላየሁም። ካርታው እንዳይበላሽ ነው ይሉኛል። እኔ ግን ከአሁን በኋላ የማማክራቸው ተማሪዎች ጥላ ውስጥ የቀረውንና በግምት የተሞላውን ቦታ በግራጫ እንዲያሳዩ እጠይቃለሁ። ካርታቸው እንደ ቡግሬ ምጣድ ቢዥጎረጎርም ግድ የለኝም።

ጥላን የመለካት ነገር ለአንድ ጊዜ ብቻ በሰሜን ወሎ ሰማይ ላይ በግልጥ ተከሥቶ ነበርና እርሱን ሳልጠቅስ አላልፍም። ሰኔ 14 ቀን 2012 በእኛ አቆጣጠር በላሊበላ ፀሐይ የቀለበት ቅርጽ ይዛ ታይታለች፤ እኛም በደቡብ ወሎ አብዛኛው አካሏ ተሸፍኖ አይተናታል። የዚያ ቀን ጨረቃ ስፋቷ ከፀሐይ ስፋት የሚያንሰው በጥቂቱ ነበር። እንዲህ ሲሆን ቀለበቱ በሚገጥምበትና በሚለያይበት ቅጽበት እንደ ዶቃ ይቆራረጣል። ፍራንሲስ ቤይሊ በ1836 የገለጻቸው እነዚህ ዶቃዎች በጨረቃ ጠርዝ ሸለቆዎች በኩል የሚያልፍ የፀሐይ ብርሃን ናቸው፤ ክሩን የሚቆርጡት ደግሞ ተራሮቿ። ዶቃው በየትኛው ሴኮንድ እንደሚጠፋ አስቀድሞ ለማስላት የጠርዙ ወጣ ገባ መታወቅ አለበት። ቼስተር ዋትስ በ1963 ከብዙ ፎቶግራፎች የጠርዙን ካርታ አዘጋጅቶ ነበር፤ ዛሬ ያ ካርታ በመንኮራኩሮች የሌዘር ልኬት ተተክቷል። እንግዲህ በዚያ ዕለት በላሊበላ የቆመ ሰው፣ ሳያውቀው፣ የጨረቃን ተራሮች በጥላቸው ጫፍ ላይ ቆሞ አይቷል።

ተማሪዎች፣ አንድ ሥራ ልስጣችሁና ልጨርስ። ለዚህ ሥራ ውድ መሣሪያ አያስፈልጋችሁም። ጨረቃ ግማሽ በምትሆንበት ምሽት በአነስተኛዋ ቴሌስኮፕ በኩል በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። በብርሃኑ ድንበር አጠገብ ያለ አንድ ጉድጓድ ምረጡ፤ ስሙን ከጨረቃ ካርታ ፈልጉ። የጥላውን ርዝመት በፒክሰል ቁጠሩ፤ ፒክሰሉን ወደ ኪሎ ሜትር ለመቀየር ዲያሜትሩ የሚታወቀውን ጉድጓዱን ራሱን መስፈሪያ አድርጉት፤ አባቶች ጫማቸውን እንዳደረጉት። ጉድጓዱ ከመካከል ራቅ ብሎ ወደ ጠርዙ ከሆነ በአመለካከት ምክንያት የሚያጥረውን ርዝመት ማረም እንዳትረሱ። በሰዓቱ ፀሐይ በዚያ ቦታ የነበራትን ከፍታ አስሉ። ጨረቃ በአንድ ቀን ወደ ፀሐይ የምትዞረው 12 ዲግሪ ያህል ስለሆነ፣ በሁለት ሰዓት መዘግየት ብቻ የአንድ ዲግሪ ስሕተት ይገባችኋልና ያነሣችሁበትን ሰዓት ወዲያው ጻፉ። ቁመቱን ካገኛችሁ በኋላ የሌዘሩን ልኬት ከኢንተርኔት አውርዳችሁ አመሳክሩ። ስታመጡልኝ ሦስት ነገር በአንድ ገጽ ላይ እፈልጋለሁ፤ ያገኛችሁትን ቁመት፣ በግማሽ ጥላው ምክንያት ሊኖር የሚችለውን ስሕተት፣ በፎቶግራፋችሁ ላይ ጥላ ውስጥ የቀረውን ቦታ በእርሳስ ተከብቦ።

ሰማዩ ከፈቀደ በመጪው ግማሽ ጨረቃ ምሽት ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ከሕንፃው ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ እገኛለሁ። ብርድ ስለሚኖር ጋቢያችሁን ያዙ። ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።